በሁዳዴ ጠዋት የተዋጠ ኪኒን

መጀመሪያ ያየሁት መፋቂያቸው ላይ ነው። የጥቅምት ጠዋት ነበር፤ መሪጌታ ደጅ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ሲፍቁ የወይራው ጫፍ ቀላ። "ድድዎ ደማ እኮ" አልኳቸው። እንጨቱን አገላብጠው አዩት። "ወይራው ነው የጠነከረ" ብለው ወረወሩት። በማግስቱም ደማ። ለስለስ ያለ ሌላ እንጨት ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ እሱም ደማ።

እኔ እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ፊደል ሳስቆጥር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ባሌ መሪጌታ ጥበቡ የጋይንት ቤተ ልሔም ሰው፣ የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰባውን ተሻግረዋል። ባሌን አንቱ ነው የምለው። የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ስቆጣቸውም በአንቱታ ነው፤ እንዲያውም እንዲያ ሲሆን የበለጠ ይሰማቸዋል። ይህን የምጽፈው ዕድሜው የገፋ፣ አቅሙ የደከመ ሰው ታሞባችሁ ሉኪሚያ የሚባለውን ስም አሁን ገና ለሰማችሁ ሰዎች ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ነበር።

ከድድ መድማቱ በኋላ ድካም መጣ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን አቀበት ሁለት ሦስት ጊዜ እያረፉ ይወጧት ጀመር። ክንዳቸው ምንም ሳይመታው ይበልዛል። ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳባቸውና ሲነጋ ጋቢያቸው በላብ ርሶ ይገኛል። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን አለ። አንዱ ምች ነው አለ፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች። እኔ እርጅና ነው አልኩ፤ እርጅና ስል ደግሞ እኔም አብሬ ማርጀቴ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። መሪጌታ ከማኅሌት ቀርተው አያውቁምና ሄዱ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። ድምፃቸው ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ተቆረጠ። ሌሎቹ ተቀብለው ቀጠሉ። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወጡና ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። ስደርስ ከንፈራቸው ነጥቷል። "ትንፋሼ አልበቃ አለኝ" አሉኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ያ ድምፅ ነው እኮ ለትዳር ያበቃኝ። በወጣትነቴ የመጀመሪያ ምድቤ ስማዳ፣ ወገዳ ነበር። ወር ሙሉ ከአገሬ ሰው ሳላይ እሰነብታለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ደብዳቤ እንኳ አይደርስም። አንድ የንግሥ ቀን ተማሪዎቼን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲበተን እኔ ዛፍ ሥር ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ቄስ ሚስት አይታኝ ሳቀችና "የቤተ ልሔሙ እንግዳ ነው፤ ሚስት የለውም" አለችኝ። እኔ ስለ ሚስት አልጠየቅኳትም ነበር። ለነገሩ ደግ አደረገች።

በሠርጋችን ቀን መሪጌታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ። ሁሉም ሙሽራ ያጎርሳል፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ እኔን ሳያስቀድሙ አንድም ቀን እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰድደው አያውቁም። ስንጣላ እንኳ ያጎርሱኛል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። እኔም ፊቴን አኮሳትሬ እጎርሳለሁ። እንግዳ ሲኖር አፍርላቸዋለሁ። እንዲህ ሆነን ነው ልጆች አሳድገን ለየሥራቸው የሸኘናቸው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ወባ መረመሩ፤ የለም። የደም ማነስ ነው ብለው የብረት ኪኒን ሰጡን። አልተሻላቸውም። ደብረ ታቦር ሄድን። ደሙን በማይክሮስኮፕ ያየው ባለሙያ ወጥቶ "አባታችን ዕድሜያቸው ስንት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ለባሕር ዳር ሪፈር ጻፉልን።

ባሕር ዳር ደም ሰጧቸው። ከዳሌ አጥንታቸው መቅኔ ወሰዱ። መሪጌታ ሲወጉ ጥርሳቸውን ነክሰው ጸሎት ያደርሱ ነበር። እኔ እግራቸውን ይዤ ነበር። እግራቸው ቀዝቅዟል። ውጤቱን ጠበቅን።

ውጤቱን የነገረችን ዶክተር ህሊና ናት። ወጣት ናት፤ ልጄ ትሆናለች። ወንበሯን ጎትታ ከፊታቸው ተቀመጠችና "መሪጌታ፣ በሽታው አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል። የደም ካንሰር ነው" አለች። መቅኔያቸው ጤነኛ ደም ማምረት ትቶ ብላስት የሚባሉ ያልበሰሉ ሴሎችን እንደሚያመርት አስረዳች። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ስላነሰ ድዳቸው ደማ። አየር የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ስላነሰ ትንፋሻቸው አጠረ።

"ዝም ብንለውስ?" አሉ መሪጌታ።

"ጥቂት ወራት።"

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉ ላይ የደረቀ የአዮዲን ጠብታ ነበር። ዛሬም ባሕር ዳር ሲባል የሚታየኝ ሐይቁ ሳይሆን ያ ጠብታ ነው።

ዶክተሯ ቀጠለች። ለወጣት የሚሰጠው ጠንካራ ኬሞቴራፒ ለእሳቸው አይሆንም። "ልብዎ ደክሟል፣ ኩላሊትዎም። ከበሽታው ቀድሞ መድኃኒቱ ይጥልዎታል" አለቻቸው። ሆኖም እዚያው ሆስፒታል እንደ እሳቸው አቅማቸው ለደከመ አዋቂዎች የሚደረግ ጥናት አለ። ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ይሰጣል፤ አንዱ አዛሲቲዲን፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ፣ ሁለተኛው ቬኔቶክላክስ፣ የሚዋጥ ኪኒን። ጥምረቱ በሌላ አገር ተፈትሾ የሚሠራበት ነው። የዚህ ጥናት ጥያቄ ኪኒኑ በየዙሩ፣ ማለት በየወሩ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ቢሰጥ ለእንዲህ ያለ ሰው ይበቃል ወይ፣ ጉዳቱስ ይቀንሳል ወይ የሚል ነው። ማን ረጅሙን፣ ማን አጭሩን እንደሚወስድ ኮምፒዩተር ዕጣ ያወጣል።

እኔ ተናደድኩ። "ባሌን መሞከሪያ ልታደርጉብኝ ነው?" አልኳት። አልተቀየመችኝም። "እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ሁሉንም ይጠይቁኝ" ብላ ቁጭ አለች። ጠየቅኳት። በፈለጉት ቀን መተው ይችላሉ ወይ? ይችላሉ፣ ሌላው ሕክምና አይቀርባቸውም። ጉዳት ቢያመጣስ? በየጊዜው ደማቸውን ያያሉ፣ ከከበደ ያቆማሉ። ካልሠራስ? "ካልሠራ እኛው እናስወጣቸዋለን፤ የማይጠቅም መርዝ አንሰጥም። ከዚያ በኋላ ያለው ደም እየሰጡ ማስታመም ብቻ ነው።" ይህን ሳታለሳልስ ነገረችን። ለዚህ ነው በኋላ ያመንኳት።

መሪጌታን የማረካቸው ዕጣ የሚለው ነገር ነው። "ሐዋርያው ማትያስም በዕጣ ነው የገባ" ብለው ፈረሙ። አጭሩ ደረሳቸው። ኪኒናቸው ጥቂት ነው ማለት ነው፤ እያንዳንዷ መሥራት አለባት።

የመጀመሪያው ዙር አልጋ ላይ አለፈ። ከባድ ነበር። ነጭ የደም ሴላቸው ወረደ። ትኩሳት ተነሳ። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ገባ። አፋቸው ቆሰለ። ውሃ መዋጥ አቃታቸው። አንድ ቀን አላወቁኝም፤ በእናታቸው ስም ጠሩኝ። አቤት አልኳቸው።

ጠዋት ጠዋት ነርሷ ዳቦና እንቁላል ይዛ መጥታ፣ ሲበሉ ቆማ ታይና ከዚያ ኪኒኑን ትሰጣቸዋለች። ረቡዕና ዓርብ እንኳ "አልጋ ላይ የዋለ ሰው ነኝ፣ ከጿሚ አትቁጠሩኝ" እያሉ በሉ። ዙሩ ሲያልቅ መቅኔያቸው ታየ። ብላስቱ በጣም ቀንሷል። ዶክተር ህሊና ፊቷ ሁሉ በርቶ ነገረችን። መሪጌታ በእግራቸው ቆሙ፣ ኮሪደሩን ተራመዱ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ክፍል ተከራይተን እየተመላለሱ እንዲታከሙ ተፈቀደ።

ሁዳዴ ገባ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልደበቀም። ኪኒኑ ከቁርስ ጋር ይዋጥ ተብሎ በጥር ተነግሮን ነበር። በጥር የተነገረው በሁዳዴ እንዴት ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም፣ የነገረም የለም። መሪጌታ ቆመው ከሄዱ ጤነኛ ነኝ ብለው ጾማቸውን ያዙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ኪኒኑን ግን በተባሉት ሰዓት፣ ጠዋት፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይውጣሉ። እኛ አገር ደግሞ መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው። ኮሶ እንኳ የሚጠጣው እህል ሳይቀመስ በማለዳ ነው። ባዶ ሆድ መድኃኒቱን የሚያጠነክረው እንጂ የሚያደክመው አልመሰለንም። እንዲያውም እኔ "ጾሙ ሲጨመርበት እንዴት አያድን" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ዙር አለቀ። መቅኔ ተወሰደ። ዶክተር ህሊና በዚያ ቀን ፊቷ አልበራም።

"ብላስቱ ተመልሷል" አለች።

የውጤቱን ወረቀት አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"አንድ ዙር እንጨምራለን። እሱም ካልሠራ እናቆማለን።"

መሪጌታ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል" ብለው ተነሱ። መቋሚያቸውን አቀበልኳቸው። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ዶክተሯ ጠራችን። መጀመሪያ የሠራ መድኃኒት ወዲያው መስነፉ ከንክኗታል። "እስቲ ይቀመጡ። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ጀምረው ቀኑን ይንገሩኝ" አለቻቸው።

ነገሯት። የሌሊት ጸሎት፣ የጠዋት ጸሎት፣ ከዚያ ኪኒኑ ከውሃ ጋር፣ ከዚያ መርፌው፣ ከዚያ ንባብ፣ በዘጠኝ ሰዓት ማዕድ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሁዳዴ ነው" አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እኔም እኮ ወገዳ ነው ያደግኩት። እናቴም በጾም እንዲሁ ናት። እንዴት አልጠየቅኩም?" ቬኔቶክላክስ ያለ ምግብ ከተዋጠ ጥቂቱ ብቻ ወደ ደም እንደሚገባ፣ ሌላው እንዲሁ እንደሚያልፍ አስረዳችን። መሪጌታ በኪኒኑ ቀናት ሁሉ መድኃኒቱን ሲውጡ ነበር፤ ደማቸው ግን አላገኘውም።

እኔ ከደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። መድኃኒቱ አልሰነፈም ማለት ነው። መሪጌታ ግን አሰቡና "እንግዲያውስ በዘጠኝ ሰዓት ከማዕድ ጋር ልዋጠው" አሉ። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ቢሆን ደስ ባላት፤ ነገር ግን ከስተዋል፣ በጣም ከስተዋል። ከኪኒኑ ሌላ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ የኢንፌክሽን መከላከያ አለ። ቀኑን ሙሉ ባዶ የሚውል ሰውነት ይህን ሁሉ አይሸከምም። "ጠዋት ይብሉ፣ ቀን ይብሉ፣ ማታም ይብሉ። እንቁላልና ወተት ይኑርበት። ከዚህ በላይ ከከሱ ሦስተኛውን ዙር ልጀምርልዎት አልችልም" አለቻቸው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። መንገድ ላይ "አልበላም" አሉኝ።

መቼም እኔ ዝም አልልም። "የወለደችውን፣ የታመመውን፣ እርስዎ ራስዎ ብሉ ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ለሰው የፈቀዱትን ለራስዎ ምን ይከለክሉታል?" አልኳቸው። "እነሱ ታመው ነው፤ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ" አሉ። "የሚሄዱት እኔን ተደግፈው ነው" አልኩ። ክፍላችን ስንደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩኝ። "በሽታው ድምፄን ወሰደው። ማኅሌት ቆሜ አላድርም። ተማሪዎቼ ተበትነዋል። የቀረኝ ጾሜ ነው። እሱንም ከሰጠሁ ምኔ ይቀራል?"

 ወጥቼ ደጅ ቆምኩ፤ ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ሰው ገበያ ይሄዳል፣ እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ለመምሬ አዱኛ ደወልኩ።

መምሬ አዱኛ የንስሐ አባታችን ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ የመሪጌታ ተማሪ ነበሩ፤ ልጅ ሳሉ ቤተ ልሔም እግራቸው ሥር ተቀምጠው ነው ዜማ የተማሩት። ቃሉን የሳቱ እንደሆነ መሪጌታ በመቋሚያው ጫፍ ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸው ነበር አሉ። ከመካነ ኢየሱስ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ በደብረ ታቦር አድርገው በማግስቱ ደረሱ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የገቡት፤ ጉንፋን እንኳ እንዳያስይዟቸው ዶክተሯ ያለችውን በስልክ ነግሬያቸው ነበር።

እንደ ገቡ ዝቅ ብለው የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ። "የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ?" አሉ። ስለ አገር አወሩ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ደብሩ፣ ስለሞተ ስለተወለደው። እኔ መቼ ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። ከዚያ መምሬ ተነሱ፣ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"የኔታ፣ እስካሁን ተማሪዎ ነበርኩ። አሁን የንስሐ አባትዎ ነኝ" አሉ።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"ቀኖና ልሰጥዎ ነው የመጣሁት። ጠዋት ጠዋት በሰዓቱ ይበላሉ። እንቁላሉንም ወተቱንም። ሳይወዱ ይበላሉ። የዘንድሮው ጾምዎ ይኸ ነው።"

 በመሪጌታ ላይ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ተማሪያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳሳት የመራ ይመስል ነበር። ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። በመጀመሪያው ጠዋት እንቁላል ቀቀልኩ፣ ወተት አፈላሁ፣ ዳቦ ቆረስኩ። ኪኒኑን ትንሽ ሳህን ላይ አስቀመጥኩ። መሪጌታ ባረኩ። እንቁላሉን ከዳቦው ጋር ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

እኔ ጾመኛ ነኝ። አልታመምኩም። ለእኔ የፈቀደልኝ የለም።

ልማድ ሆኖባቸው ረስተውት ይሆናል ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። አልረሱም። እጃቸው አየር ላይ ቆሟል፤ አይመለስም። በሁዳዴ ሚስታቸው እየጾመች ብቻቸውን መብላት አልሆነላቸውም።  ኪኒኑ ሳህኑ ላይ ነው።

አፌን ከፈትኩ።

እሳቸውም በሉ። ኪኒኑን ዋጡ። እስከ ፋሲካ እንዲሁ ሆነ፤ አንድ ጉርሻ ለእኔ፣ ሌላው ለእሳቸው፣ ከዚያ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጾም ከተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ብሎ የመጣ ነው፣ እንደ ክረምት ማለፍ፤ አንድ ቀን ትኩሳቱ ሳይነሳ ያድራል፣ ሌላ ቀን ወተቱን ጨምሪልኝ ይሉኛል፣ አንድ ጠዋት ደግሞ መፋቂያ አምጪ ብለው ሲፍቁ ቆሜ ጫፉን ሳይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ያን መፋቂያ አልጣልኩትም፤ ከሻንጣዬ ኪስ ከትቼ ወደ እስቴ ይዤው ተመልሻለሁ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መቅኔያቸው ታየና ዶክተር ህሊና ያን የበራ ፊቷን ይዛ መጣች። "ሪሚሽን ነው። መቅኔው ውስጥ በሽታው አይታየኝም" አለች፤ ወዲያው ደግሞ ጣቷን አንሥታ "ድነዋል አላልኩም፤ መርፌውም ኪኒኑም ይቀጥላል፣ ክትትሉም ይቀጥላል" ብላ አሰረችን። መሪጌታ እጇን ይዘው መረቋት። የወገዳ ልጅ ናትና አሜን የምትለው በአገሯ አባባል፣ ረዘም አድርጋ ነው።

በዙሮቹ መካከል ቤታችን ገባን። ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወስደውን መንገድ ስንት ዘመን ተመላልሼበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን በመስኮት አፍጥጬ አላየሁትም፤ የሚታረሰው ማሳ፣ ጥጃ የምትነዳ ሴት፣ ከሩቅ የሚታየው የጋይንት ተራራ ሁሉ አንድ ጊዜ የተነጠቅኩትና የተመለሰልኝ መሰለኝ። መሪጌታም እንደኔው ያዩ ነበር። ድምፃቸው ተመልሷል፣ ግን አንሷል። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ለጥቂት ተማሪዎች ዜማ ያቀምሳሉ። ድሮ ከአጥር ውጭ ይሰማ የነበረው ዛሬ ከቤቱ አይወጣም። እኔ ምጣድ ጋ ሆኜም ጓዳ ሆኜም ጆሮዬን አቁሜ ነው የምሰማው። በወገዳ ዛፍ ሥር የቆመችው ልጅ ይህን ብትሰማ ትስቅብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ከድሮው ይልቅ የዛሬው ይጣፍጠኛል።

አሁን እንደኔ በኮሪደር ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት። ጥናት ሲባል አትደንግጡ፣ ዝም ብላችሁም አትፈርሙ፤ ጠይቁ፣ መልሱ ካልገባችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ የማይሰለች ሐኪም ይመልስላችኋል። ትኩሳት ከተነሳ ነገ እንየው አትበሉ፤ ነጭ ሴሉ ለወረደ ሰው ነገ ሩቅ ነው። ሰው ሲጠይቃችሁ በደጅ ይጠይቅ፤ ከተቀየመም ይቀየም። ውሃው ይፍላ። ከሁሉ በላይ ግን ስለምትበሉበትና ስለማትበሉበት ሰዓት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸበሉ፣ ጎረቤት ስለሰጣችሁ ሥራ ሥርም ቢሆን። የንስሐ አባታችሁንም ነገሩ ሳይጠና ጥሩ። ዶክተር ህሊና ከዚያ ወዲህ ስለ ጾም ሳትጠይቅ ኪኒን ለማንም አትሰጥም፤ ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ስማቸውን ሳላውቅ ደማቸውን ለሰጡን ሰዎች፣ ቆማ ላበላቻቸው ነርስ፣ በአውቶቡስ ለመጡት አባታችን ዕድሜ ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከፋሲካ በኋላ ስለ ጉርሻው ለመምሬ አዱኛ ተናዘዝኩ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል ያዝ አደረጉት። "ቀኖናማ አይቀርልዎትም" አሉኝ፤ ስግደት ሰጡኝ። ሃምሳው ቀን እስኪያልፍ ስግደት የለምና ጠበቅኩ። ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት፣ ሰሌኔን አነጠፍኩና ጀመርኩ። ጉልበቴ አላደርስ ይለኛል፤ ወረድ ስል ይንቋቋል፣ ስነሳ ግድግዳ እይዛለሁ።

ከኋላዬ አልጋው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። መሪጌታ ተነሥተው፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ባዶ እጃቸውን ቀስ እያሉ መጡና ከሰሌኑ ጫፍ ከጎኔ ቆሙ።

"ይተዉ፣ ይደክምዎታል። ደሞስ አንቱ ምን አጠፉ? ለእርስዎ ተፈቅዶ ነው የበሉ" አልኳቸው።

"የበላነው አብረን ነው" አሉ፤ አብረውኝም ወደ መሬት ወረዱ።